ጥያቄ፦ ጅማ ሆኜ የኦፔራ ሶፕራኖ ለመሆን ከየት ልጀምር?

የአዌቱ ማዶ ልጅ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለዚህ ቤት። 21 ዓመቴ ነው፤ እዚሁ ጅማ የአካውንቲንግ 3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ ላይኛውን ድምፅ የምይዘው እኔ ነኝ። አምና ልምምድ ላይ የሰማኝ አንድ እንግዳ «አንቺ ሶፕራኖ ነሽ፤ ይህ ድምፅ መማር አለበት» ብሎኝ ሄደ። ከዚያ ስልኬ ላይ ስፈልግ አሜሪካዊቷ ሶፕራኖ ሊዮንቲን ፕራይስ «አይዳ» በሚባለው ኦፔራ (ታሪኩ በዘፈን በሚቀርብ ተውኔት) ውስጥ አይዳን ሆና ስትዘፍን አገኘሁ። አይዳ የተማረከች ኢትዮጵያዊት ልዕልት መሆኗን፣ የምትዘፍነውም ዳግመኛ ስለማታያት አገሯ መሆኑን ሳነብ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ዜማው ከጆሮዬ አልወጣም።

የምጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። በዚህ ሙያ እውነት ይኖራል ወይ? እማዬ «ዘፈን እንጀራ አይሆንም፤ ደግሞ አንቺ የእግዚአብሔር ቤት ልጅ ነሽ» ትለኛለች። ሁለተኛው፣ አስተማሪ በሌለበት ከየት ይጀመራል? ሦስተኛው፣ ከእሁድ አገልግሎት በኋላ ድምፄ ይሻክራል፤ አንዳንዴ እስከ ረቡዕ አይመለስም። የአዳራሹ ስፒከር በጣም ስለሚጮህ ራሴን አልሰማም፤ ስለዚህ እገፋዋለሁ።

ጆሮና ጉሮሮ (ሐኪም)፦

እህቴ፣ ሦስተኛውን አስቀድሚው፤ ሌላው ሁሉ የቆመው በእሱ ላይ ነው። የድምፅ አውታሮችሽ ሁለት ቀጫጭን የሥጋ እጥፋቶች ናቸው። ፒያኖ መሐል ላይ ያለውን «ላ» ስትይዢ በሴኮንድ 440 ጊዜ ይጋጫሉ፤ የሶፕራኖ ላይኛው «ዶ» ላይ ስትደርሺ ከ1,000 ጊዜ በላይ። እየገፋሽ ስትዘምሪ ያንን ሁሉ ግጭት በጉልበት እያደረግሽው ነው። ድምፅሽ ሦስት ቀን የሚጠፋው አውታሮቹ ስለሚያብጡ ነው፤ ሲደጋገም እንደ እጅ መጅ ያለ ጠጣር እባጭ ይወጣባቸዋል። መሻከሩ ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ሄደሽ በካሜራ ይታይልሽ። እባጭ ቢገኝም አትደንግጪ፤ ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ጥገና፣ በእረፍትና በድምፅ ሕክምና ይሻላል።

ድምፅሽ ሲሻክር አታንሾካሹኪ፤ ማንሾካሾክ ዕረፍት አይደለም። ወይ ዝም በይ፣ ወይ በቀስታ በደህና ድምፅሽ አውሪ። ውኃ ጠጪ። ቡና ለጅማ ልጅ ተዪ አልልም፤ ሁለት ሦስት ስኒ አይጎዳሽም፤ ቃር የሚቀሰቅስብሽ ከሆነ ግን ማታ ላይ ይቅርብሽ። ጫትን ግን በግልጽ እነግርሻለሁ፦ አፍና ጉሮሮን ያደርቃል፣ ሌሊቱን ሙሉ ያስወራል፣ ጭሱም አብሮት ይመጣል። አንቺ ባትቅሚም እዚያ ክፍል ውስጥ አትቀመጪ።

ሙዚቃ አስተማሪ (አዲስ አበባ)፦

ሐኪሙ ባለው ላይ፦ የመዘምራን መሪሽን ስፒከሩ ወደ እናንተም እንዲዞር ለምኚ። እስኪዞር አንድ ጆሮሽን በጣት ከድነሽ ዘምሪ፤ ራስሽን ትሰሚያለሽ።

አሁን ወደ ሥራው። እስከምትማሪ ድረስ የአይዳን ዘፈን እንዳትነኪው። የኦፔራው ሦስተኛ ገቢር ላይ ያለው የአገር ናፍቆት ዘፈን ያንን ላይኛውን «ዶ» የሚጠይቀው ለስልሶ ነው፤ መጮህ ለደከመ ድምፅ ይቀላል፣ ማለስለስ ግን የተማረ ትንፋሽ ይፈልጋል። አንቺ የሰማሻት ፕራይስ የተወለደችው እ.ኤ.አ. 1927 ነው፤ ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ለመጀመሪያ ጊዜ የዘፈነችው ጥር 1961፣ በ33 ዓመቷ። ከባድ የሶፕራኖ ድምፅ የሚበስለው ከ30 ወዲያ ነው። 21 ዓመት አልረፈደም።

በየቀኑ 20 ደቂቃ ይበቃሻል። ጀርባሽ ላይ ተኝተሽ ሆድሽ ላይ ደብተር አስቀምጪ፤ ስትተነፍሺ ደብተሩ ይነሣ፣ ደረትሽ አይነሣ። «ስስስስ» እያልሽ 20 ሴኮንድ አውጪው፤ መጨረሻው ላይ እንዳይንቀጠቀጥ። ከዚያ ተነሥተሽ ከንፈርሽን እንደ ባጃጅ «ብርርር» እያደረግሽ ከዶ እስከ ሶል ወጥተሽ ውረጂ። ከንፈሩ ከቆመ ገፍተሻል ማለት ነው። ኪቦርድ ያስፈልግሻል፣ አሮጌም ይሁን። የእኛ ጆሮ በአምስት ድምፅ ቅኝት ያደገ ስለሆነ ግማሽ ድምፅ ላይ፣ በተለይ ከሲ ወደ ዶ ስትሄጂ፣ መንሸራተት አለ። በኪቦርድ እየፈተሽሽ ብቻ ነው የምታርሚው።

ስለ ቋንቋ አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ። ጣልያንኛ የማጥበቅና የማላላት ቋንቋ ነው፤ «ኖኖ» ላልቶ ዘጠነኛ፣ ጠብቆ አያት ነው። ብዙ ፈረንጅ በዚህ ዓመታት ይለፋል። አንቺ «አለ» እና «አለ»ን፣ «ገና» እና «ገና»ን እየለየሽ ያደግሽ ልጅ ነሽ። የሚያስቸግርሽ ሌላ ነው፦ በግዕዝ «ለ» እና በሳድስ «ል» የምናወጣቸው አናባቢዎች ጣልያንኛ ውስጥ የሉም። ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳብዕ ብቻ። ስትዘፍኚ ራብዑ ወደ ግዕዝ እንዳይወድቅብሽ አድምጪ።

ቆራጡ፦

እኔ ብሆን ትምህርቱን ዛሬውኑ ትቼ አዲስ አበባ እገባ ነበር። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ አይደል?

ሙዚቃ አስተማሪ፦

ወንድሜ፣ ያሬድ አለ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው፣ የሚገባውም በችሎታ ፈተና ነው። ግን ኖታ ሳታነብ፣ ጉሮሮዋ ቆስሎ ለምን ትቸኩል? መጀመሪያ የድምፅ ትምህርት ዘንድሮ እንዴት እንደሚሰጥ ደውላ ትጠይቅ። እስከዚያ እዚያው ትዘጋጅ፣ ዲግሪዋንም ትጨርስ።

ከጀርመን (የኦፔራ ኮረስ ዘማሪት)፦

የኔ እህት፣ ስለ እንጀራው እኔ ልመልስ። ጀርመን ከ80 በላይ በመንግሥት የሚደጎሙ የኦፔራ ቤቶች አሉ። እዚያ በቋሚነት የተቀጠረ ሶሎ ዘፋኝ የወር ደመወዝ አለው፤ ተማምኖ የሚቀመጠው ግን ኮንትራቱ የሚታደስበት ጊዜ እስኪደርስ ብቻ ነው። በእንግድነት የምትዘፍን ደግሞ የሚከፈላት በመድረክ ቁጥር ነው። ስድስት ሳምንት ተለማምዳ በዝግጅቱ ዕለት ጉንፋን ቢይዛት ብዙ ጊዜ የዚያ ምሽት ክፍያ የለም። ከምታገኘው ላይ ወኪሏ 10 በመቶ ገደማ ይወስዳል፣ ቀሪው ላይ ግብርና የቤት ኪራይ አለ። አካውንቲንግ መማርሽን እንደ ባከነ ጊዜ አትይው፤ እኔ የመጀመሪያ ዓመት ግብሬን በትክክል ባለማወቄ ያለቀስኩት ከመድረክ ፍርሃት ይበልጣል። ኮረስ (የኦፔራ ቤቱ መዘምራን) ደግሞ ስም አያወጣም፣ ልጅ ግን ያሳድጋል። እኔ ምስክር ነኝ።

እማማ ስለ ዘፈን የሚሉት እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም፤ የእኔም እናት ብለውኛል። ሶፕራኖ ማለት ግን ኦፔራ ብቻ አይደለም። የኮንሰርቱ ሥራ ትልቁ ክፍል መንፈሳዊ ነው፤ እዚያ ትወና የለም፣ ኖታሽን በእጅሽ ይዘሽ ከኦርኬስትራው ፊት ቆመሽ ትዘምሪያለሽ። እ.ኤ.አ. 1742 ደብሊን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው የሙዚቃ ደራሲው ሃንደል «መሲሕ» ውስጥ ሶፕራኖዋ ከምትዘምራቸው የአንዱ መነሻ ቃል ከኢዮብ መጽሐፍ ነው፦ የሚቤዠኝ ሕያው እንደ ሆነ አውቃለሁ። ሌላው ደራሲ ብራምስ በጀርመንኛው ሬኩዬም (ለሙታን መታሰቢያ በሚዘመር ድርሰት) ለሶፕራኖ የሰጣት አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ በእሱም መዘምራኑ ከኢሳይያስ፣ እናት እንደምታጽናና አጽናናችኋለሁ የሚለውን ከሥሯ ይዘምራሉ። ይህን ለእማማ አስሚያቸው፤ ትርጉሙንም አንብቢላቸው።

አንድ ሰው ደግሞ ልንገርሽ። ፕሪቲ ዬንዴ ከደቡብ አፍሪካ ትንሽ ከተማ የወጣች ሶፕራኖ ናት። በ16 ዓመቷ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ላይ የኦፔራ ድምፅ ሰምታ፣ ይህ ምንድን ነው ብላ አስተማሪዋን ጠየቀች። ኬፕ ታውን ተማረች፣ ሚላኖ ሰለጠነች፣ እ.ኤ.አ. 2011 ኦፔራሊያ የተባለውን የኦፔራ ዘፋኞች ውድድር አሸነፈች፣ እ.ኤ.አ. 2013 ሜትሮፖሊታን ዘፈነች። ከማስታወቂያው እስከዚያ መድረክ 12 ዓመት ገደማ ነው፤ ያንን ቁጥር ያዢው።

በመጨረሻ ጥንቃቄ፦ «አውሮፓ ውድድር አስገባሻለሁ፣ ገንዘብ ላኪ» የሚል መልእክት ይመጣልሻል። እኔ በ20 ዓመቴ እንዲህ ተታልዬ የእህቴን ወርቅ አሽጬአለሁ። የማመልከቻ ክፍያ የሚጠይቁ እውነተኛ ውድድሮች አሉ፤ ግን ደንባቸው፣ ዳኞቻቸውና ያለፉት አሸናፊዎች በይፋ ይታያሉ። እነዚህን ሳታገኚ ሳንቲም አትላኪ።

የፈረንጅ አራዳ እናት፦

ልጄ፣ ልጆቼ ትተውት የሄዱት ኪቦርድ ሳሎን ውስጥ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ሁለት ቁልፍ አይሠራም፣ ሌላው ደህና ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ከእናትሽ ጋር ነይ፤ ቡናም አፈላለሁ። አድራሻውን በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ።

የአዌቱ ማዶ ልጅ (ጠያቂ)፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ለመሪያችን ነግሬው በሚመጣው እሁድ ስፒከሩን ሊያዞረው ተስማምቷል፤ እኔም ለሁለት ሳምንት ከሶሎ አረፍኩ። «ብርርር»ውን ሞከርኩት፣ ፋ ላይ ከንፈሬ ቆመብኝ፤ እዚያ እንደምገፋ አሁን ገባኝ። የብራምሱን ትናንት ማታ ለእማዬ አሰማኋት። ቃሉን በአማርኛ ሳነብላት ዝም ብላ ቆየችና «ድገሚው» አለችኝ። ቅዳሜ አብራኝ ትመጣለች።