በቆሎው ተጠጋግቶ በቀለ፤ ሽልሻሎ ወይስ በእጅ ማሳሳት?

የአዘዞዋ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ማክሰኚት ያለው የእናቴ ማሳ ላይ በቆሎው እንደ ጤፍ ተጠጋግቶ በቅሏል። እናቴ ታማ እኔ ጋ ስለሆነች የጎረቤት ልጅ ነው የዘራላት፤ እፍኝ እፍኙን በትኖታል። አንዳንዱ ቦታ ስንዝር በማትሞላ መሬት አምስት ስድስት ቆጠርኩ። ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ነው። ለነገ ጠዋት በሬ በልመና አግኝቻለሁ። ሽልሻሎ ይደረግ፣ ማለትም በቡቃያው መካከል በበሬ ይታረስ፣ ወይስ በእጅ ይነቀል?

ወገራ፦ በመስመር ቢዘራ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። በቆሎ በመስመርና በመስመር መካከል 75 ሳንቲሜትር፣ በተክልና በተክል መካከል ከ25 እስከ 30 ይፈልጋል። በዚህ ልክ ሩብ ሄክታር ከ11 ሺህ እስከ 13 ሺህ ተክል ይይዛል። ከዚያ ሲበዛ ብርሃን ይሻማል፣ ይቀጥናል፣ ነፋስ ሲመጣ ይወድቃል። አገዳው ይቆማል እንጂ ፍሬ አይዝም።

የአዘዞዋ፦ እሺ ወንድሜ፣ ለከርሞ በመስመር ይሁን። አሁን የበቀለውን ምን ላድርገው?

ባለላሟ፦ የነቀልሽውን ብቻ እንዳትጥይው፤ ላሜ ትጠብቅሻለች!

ቆላድባ፦ ቢጫ የሆነው በመጠጋጋት ነው ያለሽ ማነው? ዋልካ መሬት፣ ውሃ የሚይዘው ጥቁር አፈር ከሆነ፣ ውሃ ተኝቶበት ይሆናል። የታችኛውን ቅጠል እዪው። ቢጫው ከጫፍ ተነስቶ መሃል ለመሃል ወደ ውስጥ ከገባ ናይትሮጅን አጥሮታል። ውሃ ሲተኛም ይሄው ይመጣል። ቁመቱስ? አልነገርሽንም እኮ።

የአዘዞዋ፦ ጉልበቴ ሊደርስ ትንሽ ቀርቶታል። ቢጫው እንዳልከው ከጫፍ ነው። በታች በኩል ውሃ አለ።

ወገራ፦ በመስመር ቢሆን ውሃውም መውጫ ያገኝ ነበር።

እማማ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ በእጅ አሳሺ፣ ከዚያ በሬው ይግባ። በሬው ብቻ ከገባ ወፍራሙንም ቀጭኑንም እኩል ነው የሚጥለው። በተክልና በተክል መካከል አንድ ስንዝር ከአራት ጣት ተዪ። ወፍራሙን አስቀሪ። ሁለት ተጣብቀው ከሆነ አትሳቢው፤ የደህናውም ሥር ይነቀላል። በማጭድ ቁረጪው።

ቆላድባ፦ እማማ፣ ከአፈር በላይ ከተቆረጠ መልሶ ያቆጠቁጣል። በዚህ ዕድሜ እምቡጡ ገና መሬት ውስጥ ነው። ማጭዱ ትንሽ ወደ አፈር ይግባ።

እማማ፦ ልክ ነህ ልጄ። እኔም ጎንበስ ብዬ አፈር እየነካሁ ነው የምቆርጠው።

ጀማሪ፦ አሳሺው፣ መጠጋጋት ነው ችግሩ።

ቆላድባ፦ እሱማ ተባለ። እህቴ፣ ነገ በሬው ከመግባቱ በፊት ከማሳው አንድ እፍኝ አፈር ጨብጪ። እጅሽ ላይ ከተለጠፈ በሬ አታስገቢ፤ ዋልካ ጭቃ ላይ ከተረገጠ ሥሩ አየር ያጣል። ያን ቀን በእጅ ማሳሳትና በታች በኩል ውሃውን በቦይ ማውጣት ይበቃል። አፈሩ ጠፈፍ ሲል ሽልሻሎ አድርጊ፤ ፈሩ ውሃ ወደሚወርድበት ይሂድ። ናይትሮጅን የሚሰጠው ማዳበሪያ፣ ዩሪያው፣ የመጨረሻ ነው። ከሳሳ በኋላ፣ ከግንዱ አንድ መዳፍ ራቅ አድርገሽ አፈር አልብሺው። ሳታሳሺ ብትጨምሪ የምትነቅዪውን ነው የምታበዪው።

የአዘዞዋ፦ ባለበሬው ከነገ ውጪ አልችልም ቢለኝስ?

እማማ፦ እምቢ ካለ ይቅር። በዶማ እንኮተኩታለን፤ እኔም ማክሰኚት ነኝ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እመጣልሻለሁ። ባዶ በቀረው ደረቅ ቦታ ቦሎቄ ጣል እናደርግበታለን።

ባለላሟ፦ እህቴ፣ ሌሊቱን እዚህ ከባድ ዝናብ ጥሏል። እናንተ ጋስ? ምን አደረግሽ?