የሴት ባለሙያዎችን ወደ ሬዲዮ ውይይት ማምጣት አቃተን፤ ምን ይሻላል?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። በኤፍ ኤም ጣቢያ ስለ ግብርና፣ ጤናና ገበያ ሳምንታዊ ውይይት እናዘጋጃለን። እንግዶቻችን ሁሌም ወንዶች ናቸው። ለመሥሪያ ቤቶች ደብዳቤ ስንልክ ኃላፊው ራሱ ይመጣል። ባለሙያዋን በቀጥታ ስንጋብዛት ደግሞ «አለቃዬ ቢናገሩ ይሻላል» ትላለች። ከየት እንጀምር?

መልስ 1፦
ከቆጠራ ጀምሩ። ከ1995 እ.ኤ.አ. ወዲህ በየአምስት ዓመቱ የሚካሄደው ዓለም አቀፍ የመገናኛ ብዙኃን ቅኝት በ2020 እንዳሳየው፣ በዜና ከሚጠቀሱትና ከሚናገሩት ሰዎች ሴቶች 25 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሲጀመር 17 በመቶ ነበር። በ25 ዓመት ስምንት ነጥብ! ቢቢሲ በ2017 እ.ኤ.አ. የጀመረው 50፡50 አሠራር፣ ማለትም በፕሮግራም የሚቀርቡ ሴቶችና ወንዶች እኩል እንዲሆኑ እየቆጠሩ መከታተል፣ ለእናንተም ይሆናል። ፕሮግራሙ እንዳለቀ እዚያው ቁጠሩ። ዜናው ራሱ ግድ የሚላችሁን ሰው፣ ለምሳሌ መግለጫ የሰጠውን ሚኒስትር፣ ተዉት፤ እናንተ የመረጣችሁትን ብቻ መዝግቡ። የተናገሩበትን ደቂቃና ሚናቸውንም ጨምሩ። ሴቷ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ስታማርር ትሰማለች፣ ዋጋው ለምን እንደናረ የሚያስረዳው ግን ወንድ ነው። የሰው ቁጥር ብቻ ከያዛችሁ ይህ አይታይም።

መልስ 2፦
ችግሩ ያለው ደብዳቤው ላይ ነው። «ባለሙያ ይላክልን» ብላችሁ ከጻፋችሁ ኃላፊው ጋ ይቀራል። ስሟንና የሥራ መደቧን ጠቅሳችሁ ጻፉ፣ ለሕዝብ ግንኙነት ክፍሉም ግልባጭ አድርጉ። ግን አስቀድማችሁ እሷን በስልክ አነጋግሩ፤ ሳትስማማ ስሟ አለቃዋ ጋ ከደረሰ እምቢ ለማለት ትቸገራለች። «አለቃዬ ይሻላሉ» የምትለው ብዙ ጊዜ ፈርታ አይደለም፤ ያለ ፈቃድ መናገር ስለሚያስጠይቃት ነው። ፈቃዱን እናንተ ጨርሱላት።

ሦስት አራት ጥያቄ ከአንድ ቀን በፊት ላኩላት። ማታ 1 ሰዓት በቀጥታ ስርጭት ግቢ ከማለት፣ በሥራ ሰዓት ቢሮዋ ሄዳችሁ ቅረጹ፤ ማታ የልጅም የታክሲም ጣጣ አለ። ውይይቱ ሲጀመር የመጀመሪያው ጥያቄ ለእሷ ይሁን። ሦስት ወንዶች ከተናገሩ በኋላ ከገባች «እሳቸው እንዳሉት» እያለች ትጨርሳለች። አቅራቢው የሚያነበው ወረቀት ላይ ማዕረጓን ጻፉ። እሱ «ዶክተር»፣ እሷ «ወይዘሮ» ተብለው የሚተዋወቁበት ጊዜ በጣም ብዙ ነው፣ እሷም ዶክተር ሆና ሳለ።

ጠያቂ፦
እናመሰግናለን። ቴክኒሻናችን ግን «የሴት ድምፅ ጆሮ ይበሳል» ይላል።

መልስ 3፦
ጌይኑ (ማይኩ ድምፅ የሚያጎላበት መጠን) ለወንድ ድምፅ እንደተስተካከለ ስለሚቀር ነው። ለእሷ እንደ አዲስ ይስተካከል። ማይኩ ከአፏ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፣ ትንሽም ወደ ጎን ይዙር። «ሰ» እና «ሸ» ካፏጩ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ኸርዝ ባለው ላይ ሁለት ሦስት ዴሲቤል ይቀነስ፤ ከዚያ በላይ ከተቀነሰ ንግግሩ ይደበዝዛል። የተለመደው የስልክ መስመር የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ስለሆነ ድምፅ ያቀጥናል። ስቱዲዮ መምጣት ካልቻለች በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ትላክላችሁ። ለአድማጮችም ያው መንገድ ክፍት ይሁን፤ ሚስድ ኮል ላደረገች መልሳችሁ ደውሉ፣ ሂሳቡ ከእናንተ ይቆረጥ።