ሐረጎን በደብተር፦ የአስፋልት ራሊ የምታውቁ እርዱኝ

የደሴ መስመር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ እነዳለሁ። ባለፈው እሁድ ተራ እስኪደርሰኝ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ አስፋልት ላይ የሚደረግ ራሊ፣ የመኪና ውድድር፣ አየሁ። የዓለም ሻምፒዮና ነው፣ የክሮሽያው። መንገዱን ብታዩት ቁርጥ ሐረጎ፣ የደሴ ኮምቦልቻው ቁልቁለት! ጠባብ ነው፣ ኩርባው አያልቅም፣ ዳር ዳሩ ጭቃ ነው። ሰውየው ከኩርባው ወዲያ ምን እንዳለ ሳያይ ዘው ይላል። አጠገቡ የተቀመጠው ደግሞ መንገዱን አያይም። አንገቱን ደፍቶ ደብተር ያነብለታል።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ የእነዚህ ሰዎች ፍሬን እንዴት አይቃጠልም? እኔ ሞልቼ ስወርድ ሐረጎ መሃል ላይ መሽተት ይጀምራል። ፔዳሉም እየለሰለሰ ወደ ታች ይሄዳል። የፍሬን ሸራ ካስቀየርኩ ገና ሁለት ወር ነው። ጋራዥ ስወስደው "ሸራው ደህና ነው" ብለው ይመልሱኛል።

ሁለተኛ፣ ያ ደብተር ላይ የሚጻፈው ምንድን ነው? ከመስከረም ጀምሮ ወልዲያ መስመር ልገባ ነው። ሐረጎን ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ፣ ያንን ግን አላውቀውም። ማለዳ ላይ ደግሞ ጉም አለ። ረዳቴ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ጽሑፉም ያምራል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ የምሬን ነው።

ሰኞ ገበያ

ወንድሜ ይቅርብህ። ሰው ጭኖ ራሊ የለም። እኔ ረዳት ለሹፌሩ ደብተር ሲያነብ ካየሁ እዚያው ወራጅ አለ ብዬ ነው የምወርደው።

የደሴ መስመር (ጠያቂ)

ኧረ እኔ ልፍጠን መቼ አልኩ! ቀስ ብዬም ቢሆን የማላየውን ኩርባ ማወቅ እፈልጋለሁ ነው ያልኩት። ፍሬኑ ደግሞ የነፍስ ጉዳይ ነው።

ካቻቢቴ

ኮምቦልቻ ነው የምሠራው፣ መካኒክ ነኝ። የፍሬኑን ለእኔ ተውልኝ።

ፍሬን ሲሞቅ ሁለት ዓይነት ክዳት አለው። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው አልቆም ካለህ ሸራው ነው የጋለው፣ መያዝ አቅቶታል። ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ታች ከሄደ ግን የሸራ ጉዳይ አይደለም፣ የፍሬን ዘይቱ ነው። ያንተው ሁለተኛው ነው። ጋራዦቹ ሸራውን ብቻ አይተው "ደህና ነው" ማለታቸው አልዋሹም፣ ግን የተጠየቁትን አልመለሱም።

የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ ውሃ ይስባል። እየቆየ ሲሄድ ውስጡ ውሃ ይበዛል፣ የሚፈላበት ሙቀትም ይወርዳል። ሐረጎ ላይ ፍሬኑ ሲግል ዘይቱ ይፈላና እንፋሎት ይሆናል። ዘይት አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። ስለዚህ አንተ የምትረግጠው አረፋ ነው ማለት ነው። መኪናው ሲበርድ ፔዳሉ ይመለስልሃል፣ አንተም ትረሳዋለህ። አደጋው እሱ ላይ ነው።

ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አስቀይረህ አየሩን አስወጣ። ከላይ መሙላት ብቻ ዋጋ የለውም። በየሁለት ዓመቱ መቀየር አለበት፣ እንዳንተ ቁልቁለት ለሚውል ደግሞ ከዚያም ቀደም ቢል አይከፋም።

የራሊዎቹ ነገር ሌላ ነው። ያው መኪና ኮረኮንች ላይ ሲወዳደር የፊት ዲስኩ 300 ሚሊሜትር ነው፣ አስፋልት ላይ ሲሆን 370 ሚሊሜትር ያስገቡለታል። ቸርኬውም ከ15 ኢንች ወደ 18 ያድጋል፣ ትልቁ ዲስክ የሚገባውም ለዚህ ነው። አስፋልት ጎማን ስለሚይዝ ዘግይተው፣ አጥብቀው ነው የሚረግጡት፤ ሙቀቱም በዚያው ልክ ነው። ደግሞ አንድ የውድድር ክፍል፣ ስቴጅ የሚሉት፣ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሲያልቅ ቀስ ብለው ወደ ቀጣዩ ይሄዳሉ፣ ፍሬኑም በመንገድ ላይ ይበርዳል። አንተ ግን ኮምቦልቻ አራግፈህ፣ ጭነህ፣ ትመለሳለህ።

አንድ ልጠይቅህ፣ አትደበቀኝ። ቁልቁለቱን በስንት ማርሽ ነው የምትወርደው?

የደሴ መስመር (ጠያቂ)

እውነቱን ልናገር… አንዳንዴ ዜሮ አደርገዋለሁ። ናፍጣ ለመቆጠብ።

ሰኞ ገበያ

ያ ረቢ! እኔ እኮ በደብተሩ ነበር የደነገጥኩት።

የአሰብ መንገድ

ልጄ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ ሹፌር ነኝ። በኤንትሬ የጭነት መኪና ከኮምቦልቻ በባቲ አሰብ ስንት ጊዜ እንደወረድኩ አልቆጠርኩትም። ዜሮ ማርሽ አድርጎ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው እየነዳ አይደለም፣ እየወደቀ ነው።

ዳገቱን በስንት ማርሽ ትወጣዋለህ? በዚያው ውረደው። ማርሹንም ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ አፋፉ ላይ ሳለህ ነው የምትይዘው። ከፈጠነ በኋላ እቀንሳለሁ ብትል እምቢ ሊልህ ይችላል። ከዚያ ሞተሩ ራሱ ይይዝልሃል። ፍሬን የምትረግጠው ሲያስፈልግ ብቻ ነው፤ ያዝ አድርገህ ፍጥነቱን ትሰብርና ትለቃለህ። እግርህን ለስለስ አድርገህ ጭነህበት አትውረድ፣ እሱ ነው የሚያቃጥለው።

ከሸተተህ ደልዳላ ቦታ ፈልገህ ቁም። ማርሽ አስገባ፣ ረዳትህ ታኮ ያድርግ። ውሃ ግን እንዳታፈስበት። የጋለ የፍሬን ታምቡር በቀዝቃዛ ውሃ ሲሰነጠቅ በዓይኔ አይቻለሁ።

ካቻቢቴ

አያ ጨርሰውታል። እኔ ስለ ናፍጣው ልጨምር። ማርሽ ውስጥ ሆነህ እግርህን ከነዳጅ ስታነሳ መኪናው ነው ሞተሩን የሚያዞረው፣ ስለዚህ ፓምፑ ናፍጣውን ያቋርጣል። ዜሮ ስታደርገው ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ መጠጣት አለበት። ልቆጥብ ብለህ ስታባክን ኖረሃል።

የወረኢሉ ልጅ

ሰላም ሰላም። ስለ ደብተሩ እኔ ልመልስ። የምኖረው ጀርመን፣ ፓሳው አካባቢ ነው። በ2023 የመካከለኛው አውሮፓ ራሊ የሚባለው እዚህ ተጀመረ። ጀርመንን፣ ኦስትሪያንና ቼክን ያካልል ነበር፣ ሙሉ በሙሉ አስፋልት። ባለቤቴ ጎትቶ ወሰደኝ። ጥቅምት ነበር፣ ብርዱ የወረኢሉን ያስንቃል። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር፣ አሁን ጎታቹ እኔ ነኝ።

ደብተሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። ከውድድሩ ቀደም ባሉት ቀናት ሹፌሩና ረዳቱ መንገዱን ሁለት ጊዜ ብቻ እንዲያዩት ይፈቀድላቸዋል፣ ያውም በዝግታ። በመጀመሪያው ዙር ሹፌሩ እየነዳ ያየውን ይናገራል፣ ረዳቱ በእርሳስ ይጽፋል። በሁለተኛው ረዳቱ ያነባል፣ ሹፌሩ ያርማል። ልብ በል፣ የሚናገረው ሹፌሩ ነው። ረዳቱ የራሱን ግምት አይጽፍም።

የሚጻፈው አጭር ነው። አቅጣጫ፣ የኩርባው ጥበት፣ እስከሚቀጥለው ኩርባ ያለው ርቀት በሜትር፣ ከዚያ ማስጠንቀቂያ ካለ። ለጥበቱ ብዙዎቹ ከ1 እስከ 6 ቁጥር ይሰጣሉ፤ 1 በጣም ጠባቡ፣ 6 ቀጥ ለማለት ትንሽ የቀረው። ገልብጠው የሚጠቀሙም አሉ፣ በማርሽ ቁጥር የሚጠሩም አሉ። አንተና ረዳትህ ከተስማማችሁበት የትኛውም ይሠራል። በጣም ጠቃሚዎቹ ቃላት ግን "ይጠብባል" እና "ይከፈታል" ናቸው። ሲገቡበት ሰፊ መስሎ መሃሉ ላይ የሚጠብ ኩርባ ነው ሰው የሚጥለው።

ሌላው የንባቡ ሰዓት ነው። የደረስክበትን ኩርባ ቢነግርህ ምን ይጠቅምሃል? ቀጣዩን ነው የሚነግርህ። ዝም ብሎ የሚያነብ ልጅ በሁለት ኪሎ ሜትር ውስጥ ይጠፋበታል፣ ከጠፋ ደግሞ ዝም ማለት አለበት። የተሳሳተ ንባብ ካለማንበብ ይብሳል።

የደሴ መስመር (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥሽ እህቴ! ጭቃውስ? ደብተሩ ሲጻፍ መንገዱ ደረቅ ሆኖ ማታ ቢዘንብስ?

የወረኢሉ ልጅ

ጎሽ፣ ጥሩ ጠየቅክ። የአስፋልት ራሊ ዋናው ጣጣ እሱ ነው። አስፋልት ሲባል ንጹሕ መንገድ እንዳይመስልህ። እነሱ ጊዜ ለማትረፍ የኩርባውን ውስጠኛ ዳር ቆርጠው፣ ጎማቸውን ሣሩ ላይ አሳልፈው ነው የሚዞሩት። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች አፈሩን አስፋልቱ ላይ ይጎትቱታል፣ የኋለኞቹ እሱ ላይ ይንሸራተታሉ። እኔ የቆምኩበት ኩርባ አስፋልት መሆኑ የታወቀው በመጀመሪያዎቹ አምስት መኪኖች ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የታረሰ ማሳ መሰለ። ኮረኮንች ላይ ተቃራኒው ነው፣ ቀድሞ የሚወጣው ጠጠሩን ለሌሎች ሲጠርግ ይውላል።

ስለዚህ በአስፋልት ራሊ አንድ ነገር ይፈቀዳል። ስቴጁ ከመጀመሩ በፊት የራሳቸው ሰዎች በሌላ መኪና ቀድመው ያልፉና "እዚህ ጭቃ አለ፣ እዚያ በረዶ ይዟል" ብለው ደብተሩን ያስተካክሉላቸዋል። ሞንቴ ካርሎ ላይማ ያለዚህ አይሞከርም። ጥር ላይ ስለሚደረግ አንዱ ኩርባ ደረቅ፣ ቀጣዩ ግግር በረዶ ይሆናል።

አንተም ይሄን ማድረግ ትችላለህ፣ ሳንቲም አያስወጣም። ከፊትህ የወጣው ሚኒባስ ረዳት ለረዳትህ ይደውልለት። ጉሙ የት ጋ እንደጀመረ፣ ናዳ የት እንደወረደ።

ሰኞ ገበያ

እሺ ይሄኛው ገባኝ። ግን ኩርባ መቁረጡን እንዳትማር። ከወዲያ በኩል አይሱዙ አለ።

የወረኢሉ ልጅ

እሱማ የማይታሰብ ነው። እነሱ ከፊት የሚመጣ የለም፣ መንገዱ ተዘግቷል። ደግሞ ከስቴጅ ወደ ስቴጅ ሲሄዱ እንደ ማንኛውም ሰው በትራፊክ ሕግ ነው የሚነዱት። ያንን ያየኸውን የክሮሽያ ራሊ፣ በ2021 ሴባስቲያን ኦዢዬ ነበር ያሸነፈው። በመጨረሻው ቀን ጠዋት ወደ ስቴጅ ሲሄድ ሰው በሚሄድበት መንገድ ላይ ከሌላ መኪና ጋር ተጋጨ። የፖሊስን ትእዛዝ ሳያከብር ሄደ ተብሎም በዳኞቹ ተቀጣ። ከዚያ በበሯ በኩል በተጎዳች መኪና ኤልፊን ኢቫንስን በ0.6 ሰከንድ በልጦ አሸነፈ። ሦስት ቀን ተወዳድረው ልዩነቱ ይህችው ናት።

የአሰብ መንገድ

አርፍዶ የደረሰስ ምን ይሆናል? እኛ ጊዜ አርፍደህ አሰብ ስትደርስ ወረፋው ሦስት ቀን ነበር።

የወረኢሉ ልጅ

አባቴ፣ መቆጣጠሪያው ጋ የሚደርሱበት ደቂቃ ተቆርጦ ይሰጣቸዋል። ለዘገዩበት ለእያንዳንዱ ደቂቃ 10 ሰከንድ ይጨመርባቸዋል። ቀድመው ከገቡ ግን ለአንዱ ደቂቃ ሙሉ አንድ ደቂቃ።

የአሰብ መንገድ

ቀድሞ የደረሰው ነው የበለጠ የሚቀጣው? ይሄን ሕግ ደሴ መናኸሪያ በር ላይ ለጥፉልኝ!

የደሴ መስመር (ጠያቂ)

😂 አያ ለእኔ ነው የነገሩኝ፣ ገብቶኛል። አንድ ችግር አለ። ረዳቴ በር ጋ ነው የሚቀመጠው። ከዚያ ሆኖ ቢጮህ ተሳፋሪው ይደነግጣል።

የወረኢሉ ልጅ

መጀመሪያ ባዶ መኪና ይዛችሁ፣ በቀን፣ ሁለት ጊዜ ሂዱና ጻፉ። ከዚያ ማታ ማታ ያንብብልህ፣ አንተ ዓይንህን ጨፍነህ መንገዱን ተከተል። ለራሊዎቹም እኮ ግማሹ ሥራ ይሄ ነው፣ ሆቴል ገብተው የቀረጹትን ቪዲዮ እያዩ ደብተሩን ደግመው ያርማሉ። ጉም ባለበት ቀን ብቻ ጋቢና አስቀምጠው፣ ቀስ ብሎ ሁለት ሦስት ቃል ይበልህ።

ለረዳትህ ደግሞ ይሄን ንገርልኝ። የዓለም ሻምፒዮናው ለረዳቱም የራሱ ዋንጫ አለው። ሴባስቲያን ሎብ ከ2004 እስከ 2012 ዘጠኝ ጊዜ በተከታታይ ሻምፒዮን ሲሆን ዘጠኙንም ያነበበለት ዳንኤል ኤሌና ነው።

የደሴ መስመር (ጠያቂ)

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ዘይቱን አስቀየርኩ፣ የወጣው ሁለተኛ የተፈላ ቡና ነው የሚመስለው። ሐረጎን በሁለተኛ ማርሽ ወረድኩት። አልሸተተም። ፔዳሉም ኮምቦልቻ እስክገባ ከላይ ነው የያዘው። ሦስት ደቂቃ ያህል ዘገየሁ፣ ከኋላዬ የነበረው ጥሩንባውን ጨረሰው። ይጨርሰው!

ትላንት ደግሞ ከሐይቅ እስከ ውርጌሳ ባዶ ሄደን ጻፍን። ረዳቴ ዋንጫውን ከሰማ ወዲህ እርሳስ ከጆሮው አይጠፋም። ከአንዱ ገጽ ላይ ልጥቀስላችሁ፦

"ግራ 5 ረጅም። 150። ቀኝ 3 ይጠብባል፣ ዳሩ ተበልቷል። 60። ግራ 2፣ ድልድይ። 200። ቀኝ 4፣ አህያ።"

የወረኢሉ ልጅ

ማሻአላህ፣ ኮራሁባችሁ! አህያውን ግን አውጣው። ደብተር ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር አይጻፍም።

የአሰብ መንገድ

አይወጣም። አህያው ቢቀየርም ቦታው አይቀየርም። ገበያ ቀን የሚለውን ግን ጨምርበት።