የመቻቻልና የውይይት ፕሮግራም ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁሉ ግዴታ ይሁን?

የክርክሩ መሪ፦
ለዚህ ዙር የቀረበው ጥያቄ ይህ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች በተማሪዎች መካከል መቻቻልንና በጨዋነት መነጋገርን ለማስለመድ የሚያካሂዱት ፕሮግራም እንደ ጋራ ኮርስ ሁሉም የግድ የሚያልፍበት ይሁን፣ ወይስ እንደ እስካሁኑ ለፈለገ ብቻ ክፍት ይሁን? ተከራካሪዎቹ ሥራውን ከውስጥ የሚያውቁት ስለሆኑ፣ የመቻቻልን ጥቅም መስበኩን ትተው ስለ አሠራሩ እንዲጽፉ አደራ እላለሁ።

የፕሮግራም አስተባባሪ፦
ግዴታ ይሁን ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ወደዚህ አቋም የመጣሁት ግን ምዝገባው አስመርሮኝ ነው። በየዓመቱ ማስታወቂያ እንለጥፋለን፤ በየዓመቱም የሚመዘገቡት ፊታቸውን የምናውቃቸው ናቸው። የክበብ አመራሮች፣ ንግግር የሚወዱ፣ የምስክር ወረቀት የሚሰበስቡ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሌላው ወገን ቀድሞም ጓደኛ ያላቸው ተማሪዎች ይመጣሉ። በአንድ ወቅት በመኝታ ሕንፃ ውስጥ ጠብ ተነሥቶ የመስኮት መስታወት ከረገፈ በኋላ፣ በዲሲፕሊን የተጠየቁትን ተማሪዎች ስም ከተሳታፊዎቻችን ዝርዝር ጋር አስተያየሁት፤ አንድም አልገጠመም። ይህንን ለኃላፊዎቼ ሳቀርብ «እንግዲያው ፕሮግራሙ ሠርቷል፤ ከተሳተፉት መካከል የተጣላ የለም» የሚል መልስ አገኘሁ። እኔ የታየኝ ግን መድኃኒቱን ለጤነኞች ብቻ ስናድል መክረማችን ነው።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጎርደን አልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 ስለ ጭፍን ጥላቻ ባሳተመው ሥራ፣ የተለያዩ ወገኖች መገናኘት ጥላቻን የሚቀንሰው ተገናኞቹ በዚያ ቦታ እኩል ደረጃ ሲኖራቸው፣ የጋራ ግብ ሲኖራቸው፣ ለግቡ በመተባበር ሲሠሩና ባለሥልጣኑ ወይም ተቋሙ ግንኙነቱን ሲደግፈው ነው ብሎ ነበር። እንግዲህ ፕሮግራሙን በክፍል መርሐ ግብር ውስጥ የማያስገባ፣ ክፍል የማይመድብለት፣ ለአወያዮቹ ሰዓት የማይቆጥርላቸው ተቋም ምኑን ደገፈው? ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ተማሪው ሁሉ ሲበተን፣ ቁልፉ በጠፋ አዳራሽ ደጃፍ ቆሞ ተሳታፊ መጠበቅ ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል።

የሕግ መምህር፦
የአስተባባሪውን ምሬት እጋራለሁ፤ መደምደሚያቸውን ግን አልቀበልም። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ሁለንተናዊ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 26 ትምህርት በሕዝቦች፣ በዘርና በሃይማኖት ቡድኖች መካከል መግባባትን፣ መቻቻልንና ወዳጅነትን እንዲያጎለብት ይጠይቃል፤ ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ጉዳይ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ የሚል ክርክር የለኝም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1966 የጸደቀው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 19 ማንኛውም ሰው ያለ ጣልቃ ገብነት የራሱን አመለካከት የመያዝ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የስታቲስቲክስ ኮርስ ግዴታ ሲሆን የምንፈትነው ተማሪው ስሌቱን መሥራቱን ነው። በውይይት ክፍል ውስጥ ውጤት የሚሰጠው ለምኑ ነው? ለተናገረው ከሆነ፣ ምን ቢናገር እንደሚያልፍ በሁለተኛው ሳምንት ይደርስበታል፤ ከዚያ ወዲያ የምንሰማው የተጠናውን ብቻ ነው። ለመገኘቱ ብቻ ከሆነ ደግሞ ግብር ይውጣ ከመሆን አያልፍም።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1995 ያጸደቀው የመቻቻል መርሆዎች መግለጫም ቢሆን፣ መቻቻል ማለት ማኅበራዊ ኢፍትሐዊነትን መታገሥ ወይም የራስን እምነት መተው፣ ማላላትም እንዳልሆነ በግልጽ አስፍሯል። አንዳንድ ተቋማት ግን ፕሮግራሙን የሚያስታውሱት ተማሪው ቅሬታ ሲያነሣ ነው። ስለ ውሃ መቋረጥ ወይም ስለ ፈተና አሰጣጥ ለጠየቀ ሰው መልሱ የመቻቻል ስብሰባ ከሆነ፣ ያ መቻቻል ሳይሆን ዝም ማሰኛ ነው። ግዴታውን በሕግ ካጸናንላቸው ይህንን መሣሪያ በእጃቸው አስጨበጥናቸው ማለት ነው።

የአራተኛ ዓመት ተማሪ፦
ሁለቱንም ዓይነት አይቻለሁ። የግዴታው ስድስት መቶ ያህል አዲስ ገቢዎች በአንድ አዳራሽ የታጎርንበት የግማሽ ቀን ገለጻ ነበር። የመገኛ ፊርማው ወረቀት ከፊት ረድፍ ተነሥቶ እኔ ዘንድ ሲደርስ በአንድ እጅ ጽሑፍ የተፈረሙ አምስት ስሞች ነበሩበት፤ ስለ መከባበር ከተነገረው አንዲት ዓረፍተ ነገር አላስታውስም፣ ወረቀቱን ግን አስታውሳለሁ።

የፈቃዱ ሌላ ነገር ነበር። አሥራ አራት ሆነን በየሳምንቱ ለሁለት ሰዓት ያህል በክብ እንቀመጥ ነበር፤ አወያዮቹ ሁለት ተማሪዎች ሲሆኑ ሆን ተብሎ ከተለያየ ወገን የተጣመሩ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በጣም አሰልቺ ነበሩ፤ ሁሉም «ሁላችንም ሰው ነን» እያለ ያልፋል። በስድስተኛው ሳምንት፣ እስከዚያ ድረስ ቃል ያልተነፈሰ አንድ ልጅ ወደ መኝታ ክፍል ጓደኛው ዞሮ «እኔ ስገባ ጨዋታችሁን ለምን ታቋርጣላችሁ?» አለው። ጓደኛው ደነገጠ። «መጽሐፍ ይዘህ ስትገባ ልታነብ ነው ብለን ነዋ» አለ። መጽሐፉን ይዞ የሚገባው ደግሞ ዝም ሲሉት የሚያደርገው እንዲኖረው ኖሯል። ሁለት ሴሚስተር በአንድ ክፍል አድረዋል። ይህንን የመሰለ ነገር ውጤት በሚያዝበት ክፍል ውስጥ ይወጣ ነበር ብዬ አላምንም። ነገር ግን አስተባባሪው እንዳሉት፣ ያን ልጅ በፈቃዱ አላመጣነውም፤ አወያይዋ የአክስቱ ልጅ ስለሆነች ጎትታ አምጥታው ነው። ስለዚህ የትኛው ወገን እንደሆንኩ እኔም በቅጡ አላውቅም።

የሥነ ልቦና ተመራማሪ፦
የእኅታችን ጥርጣሬ ከሁላችንም አቋም ይልቅ ለማስረጃው ይቀርባል። የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፔቲግሩና ትሮፕ እ.ኤ.አ. በ2006 ከአምስት መቶ በላይ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ግንኙነት በአመዛኙ ጥላቻን እንደሚቀንስ፣ የአልፖርት ቅድመ ሁኔታዎችም ውጤቱን እንደሚያጠናክሩ እንጂ የግድ እንዳልሆኑ አግኝተዋል። ለመገናኘቱ ምርጫ ባልነበራቸው ሰዎች ላይ የተደረጉት ጥናቶችም ውጤታቸው ደካማ አልነበረም፤ «ካልፈለገ አይለወጥም» የሚለው ሐሳብ እንግዲህ ያን ያህል የጸና አይደለም። በሌላ በኩል ፓለክና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2019 ተሳታፊዎችን በዕጣ የመደቡና ውጤቱን ውሎ አድሮ የለኩ ጥናቶችን ብቻ ሲመርጡ፣ ያገኙት 27 ነው። በዚህ መጠን ላይ ተመሥርቶ ሁሉንም ተማሪ ማስገደድ ይከብዳል።

ለእኔ ይበልጥ የሚያስተምረው ሳልማ ሙሳ እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳተመችው ነው። በኢራቅ በጦርነት ከተፈናቀሉ ክርስቲያን የእግር ኳስ ተጫዋቾች መካከል ለአንዳንዶቹ ቡድኖች ሙስሊም ተጫዋቾች ተጨመሩላቸው፤ ሌሎቹ እንደነበሩ ቀሩ። የተቀላቀሉት ለሚቀጥለው ውድድር ድብልቅ ቡድን የመምረጣቸው፣ ከስድስት ወር በኋላም ከሙስሊሞች ጋር የመለማመዳቸው ዕድል ጨመረ፤ ከሜዳው ውጭ ከማያውቋቸው ሙስሊሞች ጋር ባላቸው ግንኙነት ላይ ግን ለውጡ እምብዛም ነበር። እዚህ ላይ ስለ መቻቻል ንግግር ያደረገ የለም፤ ኳስ ነው የተጫወቱት። የሥነ ልቦና ምሁሩ ኤሊየት አሮንሰንም እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ በኦስቲን ከተማ ትምህርት ቤቶች የጀመረው ዘዴ እንዲሁ ነው፤ ትምህርቱ ተከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቁራጭ ይሰጠዋል፣ የቀረውን ከሌሎቹ ካልሰማ ፈተናውን አያልፍም። ስለዚህ ግዴታ የሚሆነው አብሮ መሥራቱ ይሁን፤ ስለራስና ስለ ሌላው መነጋገሩ በፈቃድ ይቅር እላለሁ። መምህር የፈሩት የአመለካከት ፈተናም ይቀራል፣ አስተባባሪው የሚፈልጓቸውም ሳይመዘገቡ ይገኛሉ።

የፕሮግራም አስተባባሪ፦
ሐሳቡ ያስደስታል፤ የቡድን ሥራ በተግባር ምን እንደሚመስል ግን እናውቃለን። መምህሩ «አምስት አምስት ሁኑ» ይላል፣ የሚተዋወቁት ይሰባሰባሉ፣ አንዷ ትሠራለች፣ አራቱ ስማቸውን ያስገባሉ። ቡድኑን መምህሩ ካልመደበውና ሥራው የእያንዳንዱን ድርሻ ካልጠየቀ፣ መከፋፈሉን በውጤት አጸናነው እንጂ አላቀለልነውም።

የሕግ መምህር፦
የተመራማሪውን መለያ እቀበላለሁ፤ ከመጀመሪያ አቋሜም በዚህ ያህል ፈቀቅ ብያለሁ። ይሁንና ምደባው ራሱ እንዴት ይካሄዳል? ቡድኑን «ለማሰባጠር» ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ለዚህም ተማሪው ማንነቱን የሚሞላበት ቅጽ ይመጣል። ራሱን በዚያ መጠሪያ አስቦ የማያውቅ ልጅ ፕሮግራሙ ገና ሳይጀመር አንዱን ሳጥን እንዲመርጥ ሲጠየቅ፣ የመጀመሪያውን የመለያየት ትምህርት ያገኘው ከእኛ ነው።

የአራተኛ ዓመት ተማሪ፦
መምህር፣ ቅጽ የግድ አያስፈልግም። ስንገባ የመኝታ ክፍል ሲደለደልልን ማንም ምንም አልጠየቀንም፤ ዝርዝሩ ተለጠፈ፣ ሻንጣችንን ይዘን ሄድን። የቡድን ሥራውም በዕጣ ቢሆን አንዳንዱ ቡድን አንድ ዓይነት ሆኖ ይቀር ይሆናል፤ በየሴሚስተሩ ዕጣው ሲታደስ ግን በአራት ዓመት ውስጥ ሳይነካካ የሚወጣ አይኖርም። እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው። ጠብ በተነሣበት ሳምንት ቡድኑ ይቀጥላል ወይስ ይበተናል? የእኛ ውይይት የተቋረጠው ልክ በሚያስፈልግበት ጊዜ ነበር፤ «ለደኅንነት ሲባል ስብሰባ ተከልክሏል» ተብሎ።

የፕሮግራም አስተባባሪ፦
እሱን እኔም አልረሳሁትም፤ የአንቺ ቡድን ብቻም አልነበረም። ጉዳዩ ከተረጋጋ በኋላ ስንጠራቸው ከአሥራ አራቱ የተመለሱት ስድስት ነበሩ፤ ከአወያዮቹም አንዱ ቀርቷል። ዕጣውን እስማማበታለሁ፤ ውይይቱ በፈቃድ ይቅር መባሉንም እቀበላለሁ፤ ሁለት ነገር ከተጨመረ። የመጀመሪያው፣ አወያዮች ተሳታፊ የሚያመጡት በማስታወቂያ ሳይሆን ያች ልጅ የአክስቷን ልጅ እንዳመጣችው በአካል ሄደው ጠይቀው ይሁን፤ ይህም እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጠርላቸው። ሁለተኛው፣ ስብሰባ በሚከለከልበት ጊዜ እነዚህ አነስተኛ ቡድኖች አይመለከታቸው የሚል አንድ መስመር በተማሪዎች መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ አስቀድሞ ይግባ፤ ጠብ ከተነሣ በኋላ ለፈቃድ ቢሮ ለቢሮ መዞር ውሃ ወቀጣ ነው። መምህር የሕጉን አጻጻፍ ያውቁበታልና ረቂቁን እርስዎ ቢጀምሩልን።

የሕግ መምህር፦
እጀምረዋለሁ። ቡድኑ ከስንት ሰው ሲበልጥ «ስብሰባ» እንደሚባል ግን ቀድማችሁ ንገሩኝ፤ ደንቡን የሚያስፈጽመው የጥበቃ ሠራተኛ በሩ ላይ ቆሞ የሚቆጥረው እሱን ነው።