የሰርግ ዲቪዲ ላይ ድምፁና ምስሉ አልገጥም አለኝ

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ እርዱኝ። ድሬዳዋ ከዚራ ነኝ። የእህቴን ሰርግ በስልክ ቀርጬ፣ ሐረር ላሉት አያቴ ዲቪዲ ላደርግላቸው ነበር። ዓይናቸው ስለደከመ ስልክ ላይ ማየት አይሆንላቸውም።

ፋይሉ ኤምፒ4 ነው፣ 2 ሰዓት ገደማ። ወደ ኤምፔግ-2 (ዲቪዲ የሚቀበለው የቪዲዮ ዓይነት) ስቀይረው መጀመሪያው ላይ ደህና ነው። እየቆየ ግን ድምፁ ይቀድማል። ሙሽራዋ ስትገባ እልልታው ይሰማል፤ የሴቶቹ አፍ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። በጣም ያናድዳል።

ስልኬ የሚቀርጸው በሚለዋወጥ የፍሬም ፍጥነት (በሰከንድ የሚያነሳው የምስል ብዛት) ነው። ፓል በሚባለው የቲቪ ስርዓት የሚሠራ ዲቪዲ ደግሞ በሰከንድ ቋሚ 25 ፍሬም ይፈልጋል፣ የምስሉ መጠን 720 በ576 ፒክስል። ታዲያ መጀመሪያ ሃንድብሬክ በሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ቋሚ 25 ልቀይረው? ሁለት ጊዜ ሲቀየር ጥራቱ እንዳይወርድ ፈራሁ።

ሌላው፣ 4.7 ጊጋባይት ዲስክ ላይ እንዲገባ ቢትሬቱን (በሰከንድ የሚይዘውን የዳታ መጠን) ስንት ላድርገው? ሦስት ባዶ ዲስክ አበላሽቻለሁ። ቅዳሜ ሐረር እሄዳለሁ።