አይርዴል፣ ሹመትና የመራጩ ፍርድ

የክርክሩ ነጥብ፦ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6 ለፌዴራል ሹመት የሃይማኖት መመዘኛ እንዳይጠየቅ ይከለክላል። በ1788 እ.ኤ.አ. በሰሜን ካሮላይና፣ ሕገ መንግሥቱን ለማጽደቅ ወይም ላለማጽደቅ በተሰበሰበው የሂልስቦሮ ጉባኤ ለዚህ ድንጋጌ የተሟገተው ጄምስ አይርዴል በ1790 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነ። አቋሙ እውነተኛ የሃይማኖት ነጻነት ነበርን?

ሀ፦ አልነበረም። የአሜሪካ ሕዝብ ሃይማኖት ለሌለው ወይም ሃይማኖቱ ከራሱ እጅግ ለተለየ ሰው መብቱን በአደራ ይሰጣል ተብሎ እንደማይታሰብ እዚያው ተናግሯል። ሕጉ የፈቀደውን መራጩ እንደሚከለክል እየነገረ ያረጋጋ ሰው የነጻነት ጠበቃ አይባልም።

ለ፦ ወንድሜ፣ ያንን ብቻ ነጥሎ ማውጣት ፍርደ ገምድልነት ነው። በዚያው ንግግር፣ እኛው አጥብቀን የምንሟገትለትን የሃይማኖት ነጻነት ሳናፈርስ ማንን ማግለል እንችላለን ብሎ ጠይቋል። ሄንሪ አቦት የተባለ ተወካይ የብዙዎችን ስጋት አቅርቦ ነበር፦ መመዘኛ ከሌለ ሹማምንት በማን ሊምሉ ነው? በጥንት ሮማውያን አማልክት፣ በጁፒተር፣ በጁኖ፣ በሚኔርቫ? አይርዴል ስጋቱን አልናቀም። መሐላ የሚያስረው የማዩን ኅሊና ነው ብሎ፣ በእምነቱ ሥርዓት የካህኑን እግር ነክቶ የማለ ሕንዳዊ ቃሉ በእንግሊዝ ፍርድ ቤት መቀበሉን ጠቀሰ። እንግሊዝ ራሷ ሹመት ፈላጊውን በቤተ ክርስቲያኗ ሥርዓት ካልቆረብህ አትሾምም ትለው ነበር። እምነት የሌለው ለሹመቱ ሲል ቆረበ፤ ለኅሊናው ያደረው ደጅ ቀረ። ቁርባንን የምናከብር እኛ ይህ ሊያንገበግበን ይገባል!

ሀ፦ ታዲያ ለገዛ ግዛቱ ምን ፈየደ? የሰሜን ካሮላይና የ1776 ሕገ መንግሥት የፕሮቴስታንትን እምነት እውነትነት የሚክድ ሹመት እንዳይዝ ይከለክል ነበር። በ1809 አይሁዳዊው ጄከብ ሄንሪ ከምክር ቤት ይውጣ የተባለው በዚሁ ቃል ነው።

ለ፦ እኔም የምለው ይህንኑ ነው! የካርተረት አውራጃ ሕዝብ አይሁዳዊ መሆኑ ሳያግደው መርጦታል፤ ሊያስወጡት የሞከሩት መመዘኛውን ይዘው ነው። ተሟግቶ ወንበሩን አስጠበቀ። አይርዴል ስለ መራጩ የገመተው አልሠራም፤ ስለ መመዘኛው የፈረደው ግን ትክክል ነበር።

ሀ፦ የሄንሪን ነገር እቀበላለሁ። ያ ቃል ግን እስከ 1835 ጸንቶ ቆየ፤ ያን ጊዜም «ፕሮቴስታንት» የሚለው በ«ክርስቲያን» ተተካ እንጂ አይሁዳዊውን ነጻ አላወጣም።