ነገ የማስረክበው አስፈሪ ፊልም ማንንም አላስፈራም፤ ድረሱልኝ

ጠያቂ፦
የ9 ደቂቃ ፊልም ነገ ጠዋት አስረክባለሁ። አሁን ለአራት ጓደኞቼ ባሳየው፣ ልጅቷ ክፍሏ ውስጥ እያለች አስፈሪው ፊት ከቁም ሣጥኑ ብቅ ሲል ሁለቱ ሳቁ! ድምፁን ከዚህ በላይ ከፍ ሳደርገው ይሻክራል። ደህና የሚያስደነግጥ ድምፅ ያላችሁ እባካችሁ ላኩልኝ።

ድምፅ ቀጂ፦
አትጨምር፣ ቀንስ። ፊቱ ከመውጣቱ በፊት ሙዚቃውን ጨርሶ አጥፋውና የልጅቷ ትንፋሽና የወለሉ ሲጢጥታ ብቻ ይሰማ። ጸጥታ የለመደ ጆሮ ኮሽታ ይበቃዋል።

የፊልም ወዳጅ፦
ወንድሜ፣ ድንጋጤ ሌላ፣ ጭንቀት ሌላ። የፊልም ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ ለሌላው ዳይሬክተር ለፍራንሷ ትሩፎ ሲያስረዳ፣ ሰዎች ተቀምጠው ሲያወሩ ከጠረጴዛው ሥር ድንገት ቦምብ ቢፈነዳ ተመልካቹ ለ15 ሴኮንድ ይደነግጣል፤ ቦምቡ እንዳለ አስቀድሞ ካወቀ ግን 15 ደቂቃ ሙሉ ይጨነቃል ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውን፣ ሻርክ ስለተባለው ሰው በላ ዓሣ የሚተርከውን «ጆውስ» የተባለ ፊልምም ተመልከት። ሰው ሠራሹ ሻርክ እየተበላሸ ስላስቸገረ ዳይሬክተሩ ስፒልበርግ በአብዛኛው ሳያሳየው ቆየ። ሻርኩ ውኃው ላይ የሚጎትተው በርሜል ብቻውን ያስፈራ ነበር።

ጀማሪ፦
ሙዚቃውን አጥፋው። እኔም እንደዚያ ሳደርግ ተስተካክሎልኛል።

ኤዲተሯ፦
መሳቃቸው መክሸፉን አያሳይም እኮ፤ ሰው ደንግጦ ሲያበቃም ይስቃል። መጀመሪያ ጮኸዋል? ፊቱንስ ከዚያ በፊት አሳይተኸናል?

ጠያቂ፦
አልጮኹም። ፊቱ 2ኛው ደቂቃ ላይ በመስታወት ይታያል። ሜካፑ አምስት ሰዓት ስለፈጀብን ጎልቶ እንዲታይ ፈልጌ ነው።

ኤዲተሯ፦
ችግርህ እዚያው ነው። ለምደውታል። የመስታወቱን ቁረጠው፤ ያ ድካም መጨረሻ ላይ ይከፍልሃል። በምትኩ ልጅቷ የዘጋችው የቁም ሣጥን በር ከጀርባዋ ጣት ያህል ገርበብ ብሎ ይታይ። እኛ እንየው፣ እሷ አትየው። ጸጉሯን ታበጥር። ካሜራው ወደ በሩ አይጠጋ፣ ቀረጻውም አይቆረጥ። ሆዳችን እስኪባባ አቆየው።

ጠያቂ፦
በሩ በስህተት ገርበብ ያለበት ቀረጻ ነበረኝ፤ ተበላሽቷል ብዬ ትቼዋለሁ። ፈልጌ ልምጣ።

ጀማሪ፦
ሙዚቃውንም አጥፋው።

ድምፅ ቀጂ፦
አገኘኸው?